ዘይት የተቀባ ወይስ ደረቅ? የሞተር አየር ማጣሪያ አመራረጥ

መግቢያ

መኪና ያለው ሰው ስለ ሞተር ዘይት ብዙ ያወራል፤ ስለ ጎማም እንዲሁ። የአየር ማጣሪያ፣ በጋራዥ ቋንቋ የአየር ፊልትሮ፣ ግን ኮፈን ሥር ተደብቆ ስለሚኖር የሚታወሰው ሰርቪስ ሲደርስ ብቻ ነው። ያኔም ቢሆን መካኒኩ ያወጣዋል፣ መሬት ላይ ጠፍ ጠፍ ያደርገዋል፣ በኮምፕሬሰር ያስነፋዋል፣ መልሶም ይከተዋል። "ገና ነው፣ ይሠራል" ይባልና ነገሩ በዚህ ያበቃል።

ይሁን እንጂ ከደረቁ የወረቀት ማጣሪያ ሌላ ታጥቦ ዘይት እየተቀባ ለብዙ ዓመት የሚያገለግል ማጣሪያ መኖሩን የሰማ ባለ መኪና አንድ ጥያቄ ይገጥመዋል። የቱ ይሻላል? ሻጩ "ይሄ ጉልበት ይጨምራል፣ ነዳጅ ይቆጥባል፣ ዳግመኛ አትገዛም" ይለዋል። ጎረቤቱ ደግሞ "ተው፣ ሞተርህን ያስበላሃል" ይለዋል። ሁለቱም በእርግጠኝነት ነው የሚናገሩት።

ጥያቄው ትንሽ ቢመስልም የሚያስከትለው ነገር ትንሽ አይደለም። በአገራችን አንድ ሚኒባስ ወይም አንድ አይሱዙ የአንድ ቤተሰብ ሙሉ መተዳደሪያ ነው። በ2016 ዓ.ም. ኤሌክትሪክ ያልሆኑ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑም ይታወሳል። እንግዲህ ዛሬ በእጃችን ያሉት የቤንዚንና የናፍጣ ሞተሮች እንደ ቀድሞው በቀላሉ የሚተኩ አይደሉም ማለት ነው። ያለውን ሞተር ማቆየት የግድ ሆኗል።

ይህ ጽሑፍ ሁለቱን የማጣሪያ ዓይነቶች ያነጻጽራል። የጋዜጠኝነት ተማሪ ስለ ፊልትሮ ምን አገባው የሚል ካለ መልሱ ቀላል ነው። የማስታወቂያን ቃል ከተለካ ነገር መለየት የሙያችን ሥራ ነው፤ ለዚህ ልምምድ ደግሞ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ በቀላሉ አይገኝም።

ሞተር ምን ያህል ይተነፍሳል?

ስለ ማጣሪያ ከማውራታችን በፊት ማጣሪያው የሚሸከመውን ሥራ እንመልከት። አንድ ኪሎ ግራም ቤንዚን በትክክል ተቃጥሎ እንዲያልቅ 14.7 ኪሎ ግራም ያህል አየር ይፈልጋል። አንድ ሊትር ቤንዚን ሩብ ጉዳይ ኪሎ ያህል ስለሚመዝን ለአንድ ሊትር ወደ 11 ኪሎ ግራም አየር ያስፈልጋል ማለት ነው። ይህን ወደ ይዘት ብንለውጠው በባሕር ጠረፍ ከፍታ ወደ 9 ሺህ ሊትር አየር ይሆናል። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ ስለምትገኝ አየሯ ስስ ነው፤ ለዚያችው አንድ ሊትር ቤንዚን ሞተሩ ወደ 12 ሺህ ሊትር አየር መሳብ አለበት። አርባ ሊትር ቤንዚን የጨረሰ መኪና ወደ ግማሽ ሚሊዮን ሊትር አየር በፊልትሮው አሳልፏል። ናፍጣ ሞተር ደግሞ ከሚያስፈልገው በላይ ትርፍ አየር እየሳበ የሚሠራ በመሆኑ ሸክሙ ይብሳል።

አሁን ይህ አየር በበጋ ወቅት በኮረኮንች መንገድ ላይ፣ ከፊት ለፊት ከሚሄድ ጭነት መኪና ኋላ የሚሳብ ነው ብላችሁ አስቡ። የመንገድ አቧራ ውስጥ ኳርትዝ የሚባለው የአሸዋ ማዕድን አለ። በማዕድናት የጥንካሬ መለኪያ፣ አልማዝ 10 በሚሆንበት፣ ኳርትዝ 7 ነው። በፒስተን ፋሻና በሲሊንደር ግድግዳ መካከል ሲገባ እንደ ሞረድ ይፍቃል።

ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ በዓይን የሚታየው ትልቁ አሸዋ አይደለም። እሱን ማንኛውም ማጣሪያ ያስቀረዋል። አደገኛው ከ5 እስከ 20 ማይክሮን የሚሆነው ደቃቅ ነው። የሰው ፀጉር 70 ማይክሮን ያህል ውፍረት እንዳለው ካሰብን የዚህን ደቃቅነት መገመት ይቻላል። በሚንቀሳቀሱት ብረቶች መካከል ያለው የዘይት ሽፋን ውፍረት ከዚህ ደቃቅ መጠን ጋር ስለሚቀራረብ፣ ደቃቁ ሽፋኑን አልፎ ሁለቱንም ብረት ይነካል። ውጤቱ በአንድ ቀን አይታይም። መጀመሪያ ሞተሩ ዘይት ይጠጣል፣ ቀጥሎ ሰማያዊ ጭስ ይመጣል፣ ጠዋት ለመነሳት ይቸገራል፣ በመጨረሻም ሞተር ይወርዳል። ሾፌሩም "ዕድሜው ደርሶ ነው" ይላል። ፊልትሮውን የሚጠረጥር የለም።

ሁለቱ ዓይነቶችና ታላቃቸው

ዘይትን ለአየር ማጣሪያነት መጠቀም አዲስ ነገር አይደለም። የድሮዋ ቮልስዋገንና የድሮዎቹ ላንድሮቨሮች የዘይት ገንዳ ያለው ማጣሪያ ነበራቸው። አየሩ ወደ ታች ወርዶ ከዘይቱ አጠገብ በድንገት ይታጠፋል፤ ከባዱ አቧራ መታጠፍ አቅቶት ዘይቱ ውስጥ ይወድቃል፤ የቀረው በዘይት በራሰ የሽቦ መረብ ላይ ይጣበቃል። መለዋወጫ ለማይገኝበት አገር ጥሩ ዘዴ ነው። ዘይቱን ደፍቶ፣ ጭቃውን ጠርጎ፣ አዲስ ዘይት መጨመር ብቻ ነው። ድክመቱ አየሩ በዝግታ ሲሳብ፣ ማለትም ሞተሩ በቀስታ ሲሠራ፣ ደቃቁን አቧራ በደንብ አለመያዙ ነው። ዛሬ "ዘይት የተቀባ ማጣሪያ" ሲባል ግን ይህንን ማለት አይደለም።

ዘይት የተቀባ የሚባለው ከጥጥ ወይም ከስፖንጅ የሚሠራ ነው። በጥጡ ዓይነት በሰፊው የሚታወቀው በአሜሪካ ካሊፎርኒያ የተመሠረተው ኬ ኤንድ ኤን የሚባል ድርጅት ነው። ሳሳ ያለ የጥጥ ጨርቅ በድርብርብ ይደረግና በሽቦ መረብ መካከል ይታጠፋል፤ ከዚያ ቀለም ያለው ልዩ ዘይት ይቀባል። በጥጡ ክሮች መካከል ያለው ቀዳዳ ሰፊ ነው። አቧራውን የሚይዘው የቀዳዳው ጥበት ሳይሆን የዘይቱ ማጣበቅ ነው። ስፖንጁም በዚሁ መንገድ ይሠራል፤ በተለይ በሞተር ሳይክል ላይ የተለመደ ነው።

ደረቁ ደግሞ ሁላችንም የምናውቀው፣ እንደ አኮርዲዮን የተጣጠፈው ወረቀት ነው። የሚሠራው ከእንጨት ጭረት ወይም ከሰው ሠራሽ ክር ነው። የታጠፈበት ምክንያት ሰፊ ወረቀት በጠባብ ሳጥን ውስጥ ለማስገባት ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ። ወረቀት ማጣሪያ መጠነኛ አቧራ ሲይዝ ከአዲሱ የበለጠ ያጣራል። ምክንያቱም ላዩ ላይ የተቀመጠው አቧራ ራሱ ሌላ ማጣሪያ ይሆናል። ስለዚህ "ጠቆረ" እና "ተበላሸ" አንድ አይደሉም።

ማን የበለጠ ያጣራል?

ይህ በክርክር ሳይሆን በመለካት የሚመለስ ጥያቄ ነው። አይ ኤስ ኦ 5011 የሚባል ዓለም አቀፍ የመለኪያ ደንብ አለ። በዚህ ደንብ መሠረት የታወቀ መጠን ያለው የሙከራ አቧራ ወደ ማጣሪያው ይነፋል፤ ከዚያ ሦስት ነገር ይለካል። አንደኛ ምን ያህሉ ተያዘ፣ ሁለተኛ ማጣሪያው አየሩን ምን ያህል ተቃወመ፣ ሦስተኛ እስኪደፈን ድረስ ምን ያህል አቧራ ተሸከመ።

በ2000ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ውስጥ ለዱራማክስ ናፍጣ ሞተር የሚሆኑ ማጣሪያዎች በዚህ ደንብ ተፈትነው ነበር። በመኪናው አምራች ስም የሚቀርበው ደረቅ የወረቀት ማጣሪያ 574 ግራም አቧራ ይዞ ያሳለፈው 0.4 ግራም ብቻ ነው። ዘይት የተቀባው የጥጥ ማጣሪያ 221 ግራም ይዞ ደፈነ፤ ያሳለፈው ግን 7 ግራም ነበር። በመቶኛ ሲቀመጥ 99.93 እና 96.8 ማለት ነው።

አንባቢ እዚህ ላይ ቆም ይበል። 99.93 እና 96.8 ሲባል ሁለቱም ከመቶ ብዙ ያልራቁ፣ ሁለቱም "ኤ" ያገኙ ተማሪዎች ይመስላሉ። ሞተሩን የሚጎዳው ግን የተያዘው ሳይሆን ያለፈው ነው። በአንዱ ከመቶ ግራም 0.07 ግራም ያልፋል፤ በሌላው 3.2 ግራም። ልዩነቱ ከ40 እጥፍ በላይ ነው። አንድን ቁጥር ከየትኛው ወገን እንደምናየው ዜናውን ይለውጠዋል።

ይህ ሙከራ ለአንድ ዓይነት መኪና በተሠሩ ጥቂት ማጣሪያዎች ላይ የተደረገ ነው፤ የዓለምን ማጣሪያ በሙሉ አይወክልም። ጥሩ የተሠራ ዘይት ቅብ ማጣሪያ ከርካሽ ወረቀት ሊበልጥ ይችላል። አጠቃላይ አዝማሚያው ግን ግልጽ ነው። ሰፊ ቀዳዳ አየር በቀላሉ ያሳልፋል፤ ሰፊ ቀዳዳ አቧራም በቀላሉ ያሳልፋል። ሁለቱን በአንድ ላይ ማግኘት የሚቻለው የማጣሪያውን ስፋት በመጨመር ነው፤ የመኪናው ሳጥን ደግሞ ስፋቱ የተወሰነ ነው።

"ጉልበት ይጨምራል፣ ነዳጅ ይቆጥባል"

ይህ የማስታወቂያው ዋና ቃል ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የአሜሪካው ኦክ ሪጅ ብሔራዊ ላቦራቶሪ የተደፈነ ማጣሪያ በነዳጅ ፍጆታ ላይ ያለውን ውጤት ፈትኖ ነበር። ያገኘው ነገር ብዙዎችን አስገርሟል። በኮምፒዩተር የሚቆጣጠር የነዳጅ መርጫ ባላቸው ዘመናዊ የቤንዚን መኪኖች ላይ ማጣሪያው ቢደፈንም የነዳጅ ፍጆታው ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላሳየም። ኮምፒዩተሩ የገባውን አየር ለክቶ ነዳጁን ስለሚመጥን ነው። የቀነሰው የመፈትለክ ጉልበት ብቻ ነበር። ካርቡራቶር ባለው አሮጌ መኪና ላይ ግን የተደፈነውን በንጹሕ መተካት ከ2 እስከ 6 በመቶ ነዳጅ ሊያድን እንደሚችል ታይቷል።

ከዚህ የምንረዳው፣ ዘመናዊ መኪና ላይ ሙሉ በሙሉ የተደፈነ ፊልትሮ እንኳ ነዳጅ ካልጨመረ፣ ንጹሕ ወረቀትን በንጹሕ ዘይት ቅብ መለወጥ ብዙ ነዳጅ ያድናል ብሎ መጠበቅ አይቻልም። ቮልስ ወይም ላዳ ለሚነዳ ሰው ደግሞ ቁም ነገሩ ማጣሪያው ንጹሕ መሆኑ ነው፤ ዘይት የተቀባ መሆኑ አይደለም። የጉልበቱ ጉዳይ ለእሽቅድምድም መኪና ትርጉም ሊኖረው ይችላል። ከመገናኛ ፒያሳ ለሚመላለስ ሚኒባስ ግን ጉልበት የሚቀንሰው ፊልትሮው ሳይሆን መጨናነቁ ነው።

የዘይቱ ጣጣ

ዘይት ቅብ ማጣሪያ አጥቦ መልሶ የመጠቀም ጥቅም አለው፤ ይህ እውነት ነው። ሥራው ግን ሰንሰለት አለው። ለዚሁ በተዘጋጀ ማጽጃ ይታጠባል፣ በቀስታ በውሃ ይለቀለቃል፣ በራሱ ጊዜ እስኪደርቅ ይጠበቃል፣ ከዚያ ልዩ ዘይቱ በእኩል ይቀባል፣ ዘይቱም እስኪሰርጽ ይጠበቃል። በኮምፕሬሰር ወይም በእሳት ማድረቅ ጥጡን ያበላሻል። በቤንዚን ማጠብም ጥጡንና ጠርዙን የያዘውን ማጣበቂያ ሊጎዳ ይችላል። ልዩ ዘይቱ ጠፍቶ የሞተር ዘይት ሲቀባ ደግሞ ክሩ ላይ በእኩል አይቆይም፤ ይወርድና አንዱን ወገን ደረቅ፣ ሌላውን ወገን ድፍን ያደርገዋል።

ዘይቱ ካነሰ አቧራው ያልፋል። ዘይቱ ከበዛስ? ብዙ ዘመናዊ መኪኖች ከማጣሪያው ቀጥሎ የሚገባውን አየር የሚለካ፣ በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ስስ ሽቦ ያለው መለኪያ አላቸው። የተረፈው ዘይት እዚህ ሽቦ ላይ ሲለጠፍ መለኪያው ይሳሳታል፤ ዳሽቦርዱ ላይ የሞተር መብራት ይበራል፣ ሞተሩ ይንተፋተፋል። ጀነራል ሞተርስ በ2000ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ለጥገና ሠራተኞቹ ባወጣው ማሳሰቢያ፣ ዘይት የበዛባቸው ታጣቢ ማጣሪያዎች የሞተርና የማርሽ ችግር ሊያስከትሉ እንደሚችሉ ገልጿል። የማጣሪያዎቹ አምራቾች በበኩላቸው በመመሪያው ልክ ከተቀባ ዘይቱ አይለቅም ይላሉ። ሁለቱን ስናገናኛቸው ጥፋቱ ያለው ከማጣሪያው ይልቅ በቀቢው እጅ ላይ ነው። ታዲያ በእኛ አገር ጋራዥ ቀቢው ማነው? መመሪያውስ የማን ኪስ ውስጥ ነው? ይህ ጥያቄ ከላቦራቶሪ ቁጥር እኩል መጠየቅ አለበት።

የደረቁም ጣጣ

ደረቁ ማጣሪያ እንከን የለውም ማለት አይደለም። አንደኛው ችግር ውሃ ነው፤ ወረቀት ሲርስ ያብጣልና አየር ይከለክላል። ሁለተኛው ተደጋጋሚ ወጪው ነው። ሦስተኛውና ትልቁ ግን እኛው የምናመጣው ነው።

በከፍተኛ ግፊት ማስነፋት ወረቀቱን በዓይን በማይታይ ሁኔታ ይበሳዋል። ማስነፋት ግድ ከሆነ ከ2 ባር ባነሰ ግፊት፣ አፉን ራቅ አድርጎ፣ ከንጹሑ ወገን ወደ ቆሻሻው ወገን መሆን አለበት። ከውጭ ወደ ውስጥ መንፋት አቧራውን ወደ ሞተሩ መንገድ መግፋት ነው። መሬት ላይ መምታትም ጠርዙን ያጣምመዋል፤ ጠርዙ ከተጣመመ አየሩ በወረቀቱ ማለፉን ትቶ በጎን ይገባል። ጭነት መኪኖች ላይ ያለው ሁለተኛው የውስጥ ማጣሪያ ደግሞ ዋናው ቢበሳ ሞተሩን ለማዳን የተቀመጠ ዘበኛ ነው። አይነፋም፣ አይታጠብም፤ ይቀየራል እንጂ።

ማጣሪያው ደህና መሆኑን ለማወቅ ሁለት ቀላል ፍተሻዎች አሉ። ጨለማ ቦታ ላይ ባትሪ በማጣሪያው ውስጥ አብርቶ ማየት አንዱ ነው፤ ነጥብ ብርሃን ከታየ ተበስቷል። ሁለተኛው በነጭ ጨርቅ ከማጣሪያው ወደ ሞተሩ የሚወስደውን ቱቦ ውስጡን መጥረግ ነው። ጨርቁ አቧራ ይዞ ከወጣ፣ ማጣሪያው የትኛውም ዓይነት ይሁን፣ ሥራውን አልሠራም ወይም በጠርዙ አሳልፏል። ይህ የነጭ ጨርቅ ፍተሻ ከሻጭም ከጎረቤትም የበለጠ ታማኝ ምስክር ነው።

እንግዲህ የትኛው?

ለሁሉም የሚሆን አንድ መልስ ባይኖርም በየሁኔታው መለየት ይቻላል።

አቧራ በበዛበት መንገድ የሚሠራ መኪና፣ በተለይ ቱርቦ ያለው ናፍጣ፣ ልኩ የሆነ ጥሩ ደረቅ ማጣሪያ ቢጠቀም ይሻለዋል። ቱርቦው በደቂቃ ከመቶ ሺህ ጊዜ በላይ ሊሽከረከር የሚችል ስለሆነ ያለፈ አሸዋ መጀመሪያ የሚያገኘው እሱን ነው።

በአስፋልት ብቻ የሚሄድ፣ ባለቤቱ ራሱ የሚንከባከበው፣ ትክክለኛው ማጽጃና ዘይት በእጁ ያለ ሰው ዘይት ቅቡን ቢመርጥ ብዙ አይጎዳም። በሚሊዮን የሚቆጠር ገንዘብ ያስገኝልኛል ብሎ ግን አይጠብቅ።

መኪናውን ለቀጠረው ሾፌር የሰጠ፣ ሰርቪሱን የት እንደሚያሠራ የማያውቅ ባለንብረት ዘይት ቅብ ባይገዛ ይመረጣል። ደረቅ ማጣሪያን ለመለወጥ ሙያ አይጠይቅም፤ ዘይት ቅቡን ለመንከባከብ ግን ሙያም ትዕግሥትም ይጠይቃል። ሲታጠብና ሲደርቅ ተለዋጭ ከሌለ መኪናው ይቆማል፤ ለታክሲ ይህ የአንድ ቀን ገቢ ነው። ከዚያ ሁሉ ይልቅ ያልደረቀውን አስገብቶ መሄድ ይመጣል።

በሁሉም ሁኔታ ግን ከዓይነቱ በፊት ልኩ ይቀድማል። ላስቲኩ ዙሪያውን የማይገጥም ማጣሪያ፣ ስሙ ምንም ይሁን፣ ክፍት በር ነው።

ለእኛ ምን ትምህርት አለው?

ስለ አንድ ዕቃ የሚጻፍ ዜና ብዙ ጊዜ የሻጩን ወረቀት መገልበጥ ይሆናል። ከዚህ ርዕስ የምንወስዳቸው ጥያቄዎች ለሌላውም ያገለግላሉ። ቁጥሩ በየትኛው የመለኪያ ደንብ ተገኘ? የለካው ማነው፣ ሻጩ ነው ወይስ ሌላ? ከምን ጋር ነው የተነጻጸረው? "ከተደፈነ ማጣሪያ ይሻላል" እና "ከአዲስ ማጣሪያ ይሻላል" በጣም የተለያዩ ናቸው። ሙከራው በተደረገበት አገርና በአንባቢያችን መንገድ መካከል ምን ልዩነት አለ? በመጨረሻም፣ መረጃው ስህተት ከሆነ የሚከፍለው ማነው? በዚህ ጉዳይ የሚከፍለው ሻጩም ጸሐፊውም አይደለም። ሞተሩ የወረደበት ሰውዬ ነው።

ማጠቃለያ

ዘይት የተቀባ ማጣሪያ አየር በቀላሉ ያሳልፋል፣ ታጥቦም ያገለግላል፤ ነገር ግን ደቃቅ አቧራን በመያዝ ከጥሩ ወረቀት ወደ ኋላ የመቅረት አዝማሚያ አለው፣ ጥንቃቄም ይፈልጋል። ደረቁ የተሻለ ያጣራል፣ ለመለወጥም ቀላል ነው፤ በተደጋጋሚ መገዛቱና ያለ አግባብ መነፋቱ ግን ይጎዳዋል። ኮረኮንቹና አቧራው ለበዛበት የአገራችን መንገድ ሚዛኑ ወደ ደረቁ ያደላል። ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ፊልትሮ የሚገዛበት ገንዘብ አንድ ሞተር ከሚታደስበት ጋር አይወዳደርም። ሰርቪስ ያደረሰ አንባቢ ካለ በዚህ ሳምንት ነጭ ጨርቅ ይዞ ኮፈኑን ይክፈት፤ የቀረውን ጨርቁ ይነግረዋል።